ፎቶ ላይ መርፌ

ባለፈው እትም በዚህ ዓምድ ስለ ጆአና ሹማሊ ሁለት አጫጭር አንቀጾች ጽፌ ነበር። ፎቶ የምታነሳ፣ ያነሳችውን ጨርቅ ላይ የምታሳትም፣ ከዚያ ቁጭ ብላ በመርፌና በክር የምትጠልፍበት የኮትዲቯር አርቲስት ናት። እውነቱን ለመናገር የጻፍኩት ገጽ ለመሙላት ነበር። ስለ ቤት ኪራይ ስጽፍ እንኳ ይህን ያህል መልእክት አልመጣልኝም። ግማሹ ሰው ሊሞክረው ይፈልጋል፣ ግማሹ ተቆጥቷል። አንዲት እናት ደግሞ «ልጄ የሠርግ ፎቶዬን በመርፌ ልትወጋብኝ ነው፣ አስቁሚልኝ» ብለዋል። እናቴ፣ ይህንን ገጽ ለልጅዎ ያስነብቧት። በተለይ ሦስተኛውን መልስ።

ጥያቄ፦ «ፎቶው ካማረ ክር ለምን አስፈለገው? ካላማረስ ለምን ሌላ አታነሳም? እኔ ሥራ መፍታት ነው የመሰለኝ።» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አንተ ልጅ፣ ደፋር ነህ። ወድጄሃለሁ።

ነገሩ የጀመረው አንድ እሑድ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ማርች 13፣ 2016። ከኮትዲቯር ትልቅ ከተማ ከአቢጃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ግራን ባሳም የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አለች። ድሮ የፈረንሳይ ቅኝ ገዢዎች የመጀመሪያ ዋና ከተማ ነበረች። አሮጌው ሰፈሯ በዩኔስኮ ቅርስነት ተመዝግቧል። የአቢጃን ሰው ግን የሚሄደው ለታሪክ ብሎ አይደለም። እኛ እሑድ ሲመጣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ዓሣ ልንበላ እንደምንወጣው፣ እነሱም ልጆቻቸውን ይዘው ባሳም ይወርዳሉ። የዚያን እሑድ ታጣቂዎች ባሕሩ ዳርና ሆቴሎቹ ላይ ተኩስ ከፈቱ። 19 ሰዎች ተገደሉ።

ሹማሊ ባሳምን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃታለች። ጥቃቱ ከደረሰ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሳ ሄደች። ሙያዋ ፎቶግራፍ ነው፣ ደህና ካሜራ አላጣችም። ይዛ የሄደችው ግን ስልኳን ነው። ሰው ስልክ አይፈራም። መንገድ ላይ የሚያልፉትን፣ ዝም ብለው የተቀመጡትን አነሳች። ፎቶዎቹን ስታያቸው ብዙዎቹ ብቻቸውን ናቸው። አንገታቸውን ደፍተዋል። የከተማው ድምፅ የጠፋ ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ አባባል ልንገርህ። የኮትዲቯር ሰው «ሳ ቫ አሌ» ይላል። «ግድ የለም፣ ደህና ይሆናል» እንደማለት ነው። ሥራ ሲጠፋ ሳ ቫ አሌ። ሰው ሲሞት ሳ ቫ አሌ። እኛ «አይዞሽ፣ ያልፋል» የምንለው ዓይነት ነው። ያጽናናል፣ ግን ወሬውንም ይዘጋል። ልጇን ቀብራ ገና ሦስተኛ ቀኗን ለምታለቅስ ሴት «በቃ አሁን፣ ተጽናኚ» ስንላት፣ ለእሷ ብለን ነው ወይስ እኛ መስማት ስለደከመን? ሹማሊን ያሳሰባትም ይኸው ነው። በአገሯ ስለ ውስጥ ቁስል በግልጽ ማውራት አልተለመደም። ሁሉም በዚህች አባባል ተሸፋፍኖ ያልፋል። ስለዚህ የሥራዎቿን ስም ራሱን «ሳ ቫ አሌ» አለችው።

ከዚያ ፎቶዎቹን ጨርቅ ላይ አሳተመች። ትንንሽ አራት ማዕዘን ናቸው። መርፌ አነሳችና በሰዎቹ ዙሪያና በላያቸው ላይ ደማቅ ክር አስገባች። እያንዳንዱ ስፌት የራሷንም ሐዘንና ብቸኝነት እንዳስታገሰላት ተናግራለች። አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። አንገቱን ከደፋው ሰው ጋር በስልኳ ያሳለፈችው አንድ ሰከንድ አይሞላም። በመርፌ ግን ከዚያው ሰው ጋር ሰዓታት ትቀመጣለች። ልዩነቱ እንደ ለቅሶ ነው። ከበር ላይ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ መመለስ አለ። ንፍሮ እየቆረጠሙ ሦስት ቀን አብሮ መቀመጥም አለ። ሌላ ፎቶ ብታነሳ ኖሮ ከበር ተመለሰች ማለት ነበር።

ሥራ መፍታት ላልከው፣ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም «ፕሪ ፒክቴ» የሚባለውን ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ሽልማት በዚሁ ሥራ አሸንፋለች። የዚያ ዙር ርዕስ «ተስፋ» ነበር። ሽልማቱን በማሸነፍ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊ ናት። ገንዘቡ 100 ሺህ የስዊዝ ፍራንክ ነው። ሥራ መፍታት እንዲህ የሚከፈልበት ከሆነ እኔንም ጨምሩኝ።

ከዚያ በኋላም አላቆመችም። «አልባሂያን» የሚባል ሌላ ሥራ አላት። በአገሯ ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በአኚ የንጋት የመጀመሪያው ብርሃን ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ትነሳና በእግሯ ትወጣለች። ከተማው ሲነቃ ታነሳለች። ከዚያ ፎቶ በፎቶ ላይ ትደርባለች፣ ትጠልፋለች፣ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ጨርቅ ታለብሰዋለች። አዲሱን ነጠላ ፊትህ ላይ ጣል አድርገህ የጠዋት ጭጋግን እንደማየት ነው። እኔ ከ«ሳ ቫ አሌ» ይልቅ እነዚህ ይማርኩኛል። ቀልቤ ወደ ሐዘን ብዙም ስለማይሄድ ይሆናል።

ጥያቄ፦ «እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠልፍ ነው የኖረችው። ማንም አርቲስት ብሏት አያውቅም። አሁን ፎቶ ላይ ሲሆን ጥበብ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?» (ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከጎንደር)

መልስ፦ መምህር፣ ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ነው የምመልስልዎት። ጥያቄዎ አንጀቴን በልቶታል።

የእኔም እናት ጠላፊ ነበረች። ደሴ ነው ያደግነው። ትራስ ልብስ ላይ «መልካም ሌሊት» ብላ ትጠልፋለች። ከላይ ሁለት ርግቦች፣ መካከላቸው አበባ። «ሌ» ሁልጊዜ ትጣመምባት ነበር። እንግዳ ሲመጣ ያ ትራስ ይወጣል። እንግዳው «ሙያ አላት» ይላል። የሚሰጣት ቃል ይህቺው ነበረች፣ ሙያ። ሠዓሊ የሚባለው ሌላ ሰው ነው፤ ኮት ለብሶ ቀለም የሚይዝ። ስለዚህ ቅሬታዎ ልክ ነው። የተጠለፈው ነገር ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ጥበብ፣ አልጋ ላይ ሲነጠፍ ባልትና የሚሆንበትን ሒሳብ እኔም አላገኘሁትም።

ቋንቋችን ራሱ ጥልፍን አደጋ ውስጥ ከቶታል። ጠለፈ ስንል ክርም ነው፣ አውሮፕላንም ነው፣ ውኃ ልትቀዳ የወጣች ልጅም ናት። (ይህንን የሚያስተካክል ሰዋስው ካለዎት ይላኩልኝ።)

ነገር ግን አንድ ልዩነት አይቻለሁና ልንገርዎት። ጋዜጠኛ ሳልሆን በፊት አራት ዓመት ፎቶ ቤት ሠርቻለሁ፣ እዚያው ደሴ። የእኔ ሥራ ኔጌቲቭ ማረም ነበር፤ ፎቶው የሚታተምበትን፣ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ የሚታይበትን ፊልም። ሹል እርሳስ፣ አጉሊ መነጽር፣ ከኋላ አምፖል። ብጉር አጠፋለሁ፣ የፈንጣጣ ጠባሳ አጠፋለሁ። ግንባራቸው ወይም አንገታቸው ላይ ንቅሳት ያላቸው ሴቶች ይመጡና «ይሄን አንሺልኝ» ይሉኛል። ኔጌቲቭ ላይ ንቅሳቱ ነጣ ብሎ ነው የሚታየው። በእርሳስ በስሱ ሲሞላ፣ ሲታተም ጠፍቶ ይወጣል። የፎቶ ቤታችን ሕግ አንድ ነበር፤ የነካሽው እንዳይታወቅ። የእናቴም የጥልፍ ሕግ ያው ነበር። ቋጠሮ እንዳይታይ። ጀርባው እንደ ፊቱ እንዲያምር።

ሹማሊ ሕጉን የገለበጠችው እዚህ ላይ ነው። እጇ ይታያል። ክሩ ፎቶውን ለማሳመር አልገባም፤ «እዚህ ሰው ነክቶታል» ይላል። ከዚያ በፊት «ሃብሬ» የሚባል ሥራ ነበራት። ፊታቸው ላይ በልጅነታቸው የተበጡ ሰዎችን አቢጃን ውስጥ ፈልጋ፣ እንደ ፎቶ ቤት ፎቶ ከፊት አነሳቻቸው። የመጨረሻው ትውልድ ናቸው፣ ከእነሱ ወዲህ ያ ልማድ እየቀረ ነው። ቃሉ ከቡርኪና ፋሶ የኮ ቋንቋ የመጣ ነው። ጽሕፈት ማለትም ነው፣ የፊት ብጣት ማለትም ነው። እኔ በእርሳስ ሳጠፋ የኖርኩትን እሷ አጉልታ አሳየችው። ያንን ሥራ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ስንት ንቅሳት እንዳጠፋሁ ለመቁጠር ሞክሬ ተውኩት።

ሹማሊ የመጀመሪያዋ አይደለችም ደግሞ። ጀርመናዊቷ አኔግሬት ዞልታው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የራሷን ፊት ፎቶ አንስታ በክር ሰፍታዋለች። የራሷን ፎቶ ቀዳ እንደገና የገጠመችበት ሥራም አላት፤ ቶሎ አይረሳም። የእኛው ኤልያስ ስሜስ? እ.ኤ.አ. በ1990 ከአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ነው። ፎቶ ላይ አይደለም የሚሠራው። ግን ዓመታት ሸራ ላይ በክርና በአዝራር ሰፍቷል፣ በኋላም የኮምፒውተር ሽቦዎችን እየጎነጎነ ትልልቅ ሥራ ሠርቷል። ዛሬ ዓለም ያውቀዋል። «ወንድ ሲሰፋው ነው ጥበብ የሆነው» ካሉኝ፣ መምህር፣ አልከራከርዎትም።

የእናትዎ ሥራ ካለ ጨለማ ሳጥን ውስጥ በላስቲክ ጠቅልለው አያስቀምጡት። እርጥበት ያፍናል፣ ይሻግታል። በንጹሕ ነጭ አቡጀዴ ጠቅልለው፣ እጥፉን በየጊዜው እየቀያየሩ ያቆዩት።

ጥያቄ፦ «እህቴ፣ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመቷ። ለቅሶዋ ላይ አልነበርኩም። ያለኝ ታናሽ እህቴ በዋትስአፕ የላከችልኝ አንድ ፎቶ ነው። ማታ ሰዎቹ ሲተኙ ትንሽ ጥልፍ እሞክራለሁ። የእናቴን ፎቶ መጥለፍ እችላለሁ? እንዴት ብዬ ልጀምር?»

መልስ፦ እግዜር ነፍሷን ይማር። ትችያለሽ እህቴ። መጀመሪያ ግን እኔ ያጠፋሁትን ስሚ።

እናቴ በ1967 ዓ.ም. የተነሳችው ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለን። ከጀርባዋ የተሣለ መጋረጃ፣ ፏፏቴና ዘንባባ። ደሴ ውስጥ ዘንባባ! አንድ ቀን ስለ እነዚህ አርቲስቶች አነበብኩና ተነሳሁ። ኮፒ ላድርግ አላልኩም። የነጠላዋን ጥለት በቀይ ክር ልሞላ ብዬ ዋናው ፎቶ ላይ መርፌ ሰካሁ። ጥለቱ ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ እኔም ቀጥ አድርጌ በጣም አቀራርቤ ወጋሁ። ክሩን ሳብ ሳደርገው ፎቶው እንደ ቴምብር ተቀደደ። ከትከሻዋ እስከ ወገቧ። ማንን እወቅሳለሁ? እጄን። ለሦስት ወር ለወንድሞቼ አልተናገርኩም።

ስለዚህ አንደኛው ነገር፣ ዋናው ፎቶ ላይ በፍጹም። የካዛብላንካ ተወላጇ ካሮል ቤኒታ የቤተሰቧን አልበም በቀይ ክር የጠለፈች ናት፤ እሷ እንኳ የድሮዎቹን ስካን አድርጋ፣ አዲስ አሳትማ ነው የምትሠራው። የድሮ ፎቶ ምትክ የለውም፣ አንዴ ከተበሳ አይደፈንም።

የአንቺ ችግር ሌላ ነው። በዋትስአፕ እንዲሁ የሚላክ ፎቶ ይጨመቃል፣ ሲታተም ይደበዝዛል። ዋናው ፎቶ እህትሽ ጋ በመስታወት ውስጥ ካለ ታውጣው። ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ መስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ ሳታበራ፣ ስልኩን ልክ ከላይ ይዛ ታንሳው። ከዚያ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ትላክልሽ። አንድ ስንዝር ያህል፣ 20 ሴንቲሜትር፣ አጥርተሽ ለማሳተም በጎኑ 2400 ፒክስል ገደማ ይበቃሻል። አሳታሚው ቁጥሩን ያያል፣ አንቺ አትጨነቂ።

ሁለተኛው፣ ጨርቅ ላይ አሳትሚው። ማተሚያ ቤት «ካንቫስ» ብትያቸው ይገባቸዋል። ሹማሊም ጨርቅ ላይ የምታሳትመው በከንቱ አይደለም፤ ጨርቅ መርፌ ሲገባበት ክሮቹ ገለል ይላሉ፣ ሲወጣ ይመለሳሉ። ወረቀት እንደዚያ አይደለም። ወረቀት ያስታውሳል። ካንቫስ ካጣሽ ወፍራምና የማያንጸባርቅ ወረቀት ላይ ይሁን። ያን ጊዜ ክር ሳታስገቢ መጀመሪያ ቀዳዳዎቹን በሙሉ በቀጭን መርፌ ብሺ። ሥር የታጠፈ ፎጣ ወይም ስፖንጅ አድርጊ። በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ይኑር። እኔን የበላኝ ይሄ ነው።

ክሩ የጥልፍ ክር ይሁን፣ ዲኤምሲ የሚባለው ዓይነት ወይም ያገኘሽው። ስድስት ቀጫጭን ክሮች የተገመዱበት ነው። ፈታ አድርገሽ ሁለቱን ብቻ ተጠቀሚ። ርዝመቱ ከአንድ ክንድ አይብለጥ። ብዙ ሴቶች መርፌ ደጋግሞ ማስገባት ስለሚሰለቻቸው ያስረዝሙታል፣ ከዚያ ይወሳሰባል፣ ይላላጣል። ወረቀት ከሆነ አትቋጥሪ፣ ቋጠሮ ይገፋዋል። ጫፉን ከጀርባ በማጣበቂያ ፕላስተር ያዢው። እጅሽን ታጠቢ፣ ቅባት አይንካሽ። ካውያ የፎቶ ወረቀት አጠገብ እንዳይደርስ፤ ብዙዎቹ ላያቸው ፕላስቲክ ስለሆነ ይቀልጣል።

ከፊቷ አትጀምሪ። ከመጋረጃው፣ ከቀሚሷ፣ ከበሩ ጀምሪ። እጅሽ እስኪለምዳት። ምናልባት ፊቷ ላይ ጭራሽ መድረስ አያስፈልግሽም። እኔ በሁለተኛው ሙከራዬ፣ ኮፒው ላይ ማለቴ ነው፣ የጠለፍኩት ያንን የውሸት ዘንባባ ብቻ ነው። አረንጓዴ አድርጌው ቁጭ አለ። እናቴ አሁን ከቀለም ዘንባባ ፊት ጥቁርና ነጭ ሆና ቆማለች። ወንድሜ አይቶ ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ።

ለቅሶዋ ላይ አልነበርኩም ብለሻል። ማታ ማታ ትንሽ ትንሽ አድርጊው። አትጨርሺው ቶሎ።

ጥያቄ፦ «ማሽን ይሆናል?» (ልብስ ሰፊ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ጨርቅ ላይ ከታተመ ይሆናል፣ እጅህን ካወቅከው። ወረቀት ላይ ግን ማሽን ቀዳዳዎቹን አቀራርቦ ስለሚበሳ ያው እንደ ቴምብር ይቆርጠዋል። ስፌቱን እስከ መጨረሻው አርዝመህ ሞክረው። ቆንጆም ፈጣንም ይሆናል። እኔ ግን ለምን እንደምትቸኩል አልገባኝም።

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። አባቴ ትቶን ከሄደ በኋላ እናቴ ከቤተሰብ ፎቶው ላይ ፊቱን በመቀስ ቆርጣ አወጣችው። ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ቀዳዳ ሆኖ ተሰቅሏል። ጽሑፍሽን ሳነብ ቀዳዳውን በጥልፍ ብደፍነውስ አልኩ። አክስቴ ግን የሰው ፎቶ ላይ መርፌ መስካት መተት ነው፣ ነውር ነው ብላ ተቆጣች። ምን ትመክሪኛለሽ?»

መልስ፦ ከአክስትሽ ልጀምር። አትሳቂባት። እኛ ዘንድ የሰው ጥፍርና ፀጉር፣ አሁን ደግሞ ፎቶ፣ በሰው እጅ መግባቱ የሚያስፈራው ብዙ ሰው አለ። ፎቶ ቤት ስሠራ ያልተወሰደ ፎቶ ለሌላ ሰው አንሰጥም ነበር፤ «ምን ያደርግበት ይሆን» እየተባለ። ስለዚህ ተደብቀሽ አትሥሪው። አጠገቧ ቁጭ ብለሽ ሥሪው። ክር ትፍተልልሽ፣ መርፌ ታስገባልሽ። ዓይኗ ካልደከመ እሷም ትጠልፍ ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

ደግሞ ፊት ላይ መስፋትን እኔም ሁሉን አልወድም። ለንደን የሚኖር ማውሪዚዮ አንዜሪ የሚባል ጣሊያናዊ አለ። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የማያውቃቸውን ሰዎች የድሮ ፎቶ ይገዛና ፊታቸውን በክር ይሸፍናል። እንደ ጭምብል፣ እንደ ላባ። እጁ ድንቅ ነው። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች የአንድ ሰው አያት ናቸው እያልኩ ሆዴ ይረበሻል። አክስትሽን ያሳሰባት ይሄ ከሆነ ከእሷ ጋር ነኝ።

አንቺ ግን የማታውቂውን ሰው አይደለም የምትነኪው። ቀዳዳውም የቤተሰባችሁ ነው። ዳያን ማየር የምትባል አሜሪካዊት የበርሊን ግንብ የቆመበትን መስመር ዙሪያውን ተከትላ ፎቶ አንስታለች። ከዚያ አንዳንድ ቦታውን፣ በተለይ ግንቡ ይቆም የነበረበትን፣ በትንንሽ ባለ መስቀል ስፌት ሸፈነችው። ከሩቅ ሲያዩት ኮምፒውተር ላይ የተበላሸ ምስል ይመስላል። ግንቡ የለም፣ ግን የነበረበት ቦታ ከሌላው የተለየ ነው። ትንሽ ደብዘዝ ያለ፣ ትንሽ ወፈር ያለ። እኔ ፎቶሽን ሳስብ የመጣልኝ ይህ ሥራ ነው።

ስለዚህ እኔ ብሆን ቀዳዳውን አልደፍነውም። እናትሽ በመቀስ የተናገረችውን በክር መመለስ አንቺን አይመለከትም፣ በተለይ እሷ በሕይወት ካለች። ፎቶውን ከነቀዳዳው ኮፒ አድርጊው። ቀዳዳው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ዙሪያውን ብቻ ጥለፊ፣ የቀሚስ አንገት እንደሚጠለፈው። ሰው ቢጠይቅሽ እንዲያየው፣ ዝም ካለም እንዲያልፈው። መጀመሪያ እናትሽን ጠይቂ። «አይሆንም» ካለች ተይው፣ ሌላ ፎቶ አታጪም።

እሺ ካለችሽ ደግሞ፣ ሲያልቅ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ከፊት ሳይሆን ከጀርባ። ክሩ የተሻገረበትን፣ ተሳስተሽ የፈታሽውን፣ አክስትሽ የቋጠረችውን ማየት እፈልጋለሁ።